«ለመደው» ያልነው ሕፃን

ወገኖቼ፣ ይቅር ልላት ያቃተኝ አንዲት ቃል አለች። «ለመደው» የምትል። ያለፈው ጥር፣ በታናሽ ወንድሜ ሰርግ፣ ድንኳን ውስጥ ነው የሰማኋት።

ድንኳኑ የተጣለው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ነበር። ጠባብ ነው። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሞንታርቦ ተደርድሯል። የቅርብ ዘመድ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ወጉ ነው። አክስቴም ከልጇ ጋር ፊት ተቀመጠች። ልጇ የአምስት ወር ሕፃን ታቅፋለች። ከሞንታርቦው እስከ ሕፃኑ ጆሮ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ሙዚቃው ሲለቀቅ ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። ሁለት እጆቹ ባንዴ ወደ ላይ ተወረወሩ። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። አፉ ተከፈተ። እያለቀሰ መሆኑን ያወቅነው በፊቱ ነው፤ ድምፁማ ከየት ይሰማል? እናቱ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አክስቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ጆሮውን ሸፈነችለት። ነጠላ ሞንታርቦን ያቆም ይመስል።

አልሆን ሲላት ተነሳች። ጉልበቷን ያማታል። በጨፋሪው መሀል እየተገፋች ሳውንዱን ወደሚያጫውተው ልጅ ሄደች። «የኔ ልጅ፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን፣ ሕፃን አለ» አለችው። ልጁ ማይኩን አነሳ። ለሁላችንም እንዲሰማ፣ «ማዘር፣ ሰርግ እኮ ነው! ዛሬ ያልተጨፈረ መቼ ሊጨፈር ነው?» አለ። ከዚያ ጨመረው። ድንኳኑ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። አክስቴ መሀል ላይ ቆማ ቀረች። ሰው ሁሉ ሲስቅ አይታ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሕፃኑ ዝም አለ። ዓይኑን አፍጥጦ ትንሽ ቆየና ተኛ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቀች። «አያችሁ፣ ለመደው!»

ሁላችንም ደስ አለን። ለመደው ተባባልን። ወደ ጭፈራችን ተመለስን።

ጆሮ አይለምድም፣ ሰዎች! ጆሮ ይጎዳል እንጂ አይለምድም! በውስጡ ቀንድ አውጣ የሚመስል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ፣ ጫፋቸው ላይ ጸጉር መሳይ ነገር ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ጸጉሮቹ ይወዛወዛሉ፤ ነርቭ ያንን ወደ አንጎል ያደርሳል። ኃይለኛ ድምፅ ሲመታቸው ዝናብ እንደጣለው ጤፍ ይተኛሉ። ካረፉ አንዳንዶቹ ቀና ይላሉ። የሞቱት ግን አይበቅሉም። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፣ ቆዳ ቢላጥ ይሸፍናል። እነዚህ ሴሎች ከሄዱ ሄዱ ነው። ከሰርግ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው ይልና የሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላችኋል አይደል? «ነገ ይተወኛል» ብላችሁ ትተኛላችሁ። ይተዋችሁም ይሆናል። ግን ጭው ማለቱ ራሱ፣ ተመትቻለሁ የሚል የጆሮ ጩኸት ነው።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው «ከዚህ አይለፍ» ብሎ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ለልጆች ዝቅ ይልና 75 ይሆናል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የአዋቂ ሰው የሳምንት ድርሻ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በሰርጉ ቀን መለኪያ አልያዝኩም። ግን ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለማውራት ከጮሃችሁ፣ ድምፁ 85 አካባቢ ደርሷል ወይም አልፏል ይባላል። እኛ አፋችንን ጆሮ ላይ ለጥፈን እየጮህንም አንሰማማም ነበር። ሕፃኑ እዚያ አምስት ሰዓት ቆየ።

ሳውንድ የሚያጫውተውን ልጅ ብቻ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። እሱ ተከፍሎት የመጣ ነው። ሞንታርቦውን የተከራየሁት እኔ ነኝ። ሁለት ይበቃል ሲለኝ «አራት አድርገው፣ ሰፈሩ ይስማ» ያልኩት እኔ ነኝ። አክስቴ መሀል ላይ ቆማ ስትቀር ያጨበጨበው እጅ ይኸው፣ ይህን የሚጽፈው ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጎረቤት መጥቶ «እናቴ ታማለች፣ ብትቀንሱልኝ» ሲል ቢራ ከፍቼ ሰጠሁት። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም ገደብ እንዲወጣ ያዛል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ገደብ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ያ ሰው ሕግ ይዞ መምጣት ይችል ነበር። በልመና መጣ፤ በቢራ መለስኩት።

ከወር በኋላ ሕፃኑን ለማየት ሄድኩ። እናቱ ቡና ልታፈላ ወጣ ስትል ከጀርባው ተጠግቼ አጨበጨብኩ። ልቤ ቆሞ ነበር። ዞረ። አየኝና ሳቀ። እንባዬ መጣ። ግን ጭብጨባ ሰማ ማለት ሁሉንም ሰማ ማለት አይደለም። የድምፅ ጉዳት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ነው፤ የወፍ ድምፅን፣ ከንግግር ውስጥ «ሰ»ን እና «ፈ»ን። የጎደለው ነገር ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። ትምህርት ቤት ገብቶ መምህሩ ሲጠራው ዝም ቢል «ልጁ ፈዛዛ ነው» ይሉታል። ያኔ ማን ያንን ድንኳን ያስታውሳል?

አክስቴስ? ከዚያ ቀን ወዲህ «ሌሊት ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቷል» ትላለች። አንድም ቀን ሰርጉን አላነሳችም። «ዕድሜ ነው» ትላለች። እኔም ዕድሜ አይደለም ለማለት እስካሁን አፌ አልተፈታም።

ሰርግ ብቻም አይደለም። ሚኒባሱ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ አለ፣ ድምፅ ማጉያ ወደ ሰፈር ያዞሩ ቤተ እምነቶቻችን አሉ። ብረት ቤት ቀኑን ሙሉ ብረት የሚቆርጠው ልጅ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል፤ ጥጥ ያንን ድምፅ አይዝም። ለጆሮ ተብሎ የተሠራ መድፈኛ አለ፤ ግን ማን ነግሮት? ጆሮው ላይ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ የሰካውን ወጣት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ አለ።

እኔ ግን አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ነኝ። ደስታ አይኑር አላልኩም። ዘፈን እወዳለሁ፣ እስክስታም እወርዳለሁ። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ሞንታርቦውን ከሰው ፊት አርቁት። ሕፃንና አዛውንት ፊት መቀመጥ ክብር ከሆነ፣ ያን ክብር ሌላ ቦታ ፈልጉለት። አንዲት እናት «ቀንሱልኝ» ስትል በማይክ አትመልሱላት። «ለመደው»ንም አትበሉ፤ እኔን ስለምታመኝ ብቻ እንኳን ተዉልኝ።

በመጪው ጥር የእህቴ ሰርግ ነው። ሳውንድ የሚያከራየውን ሰውዬ አነጋግሬዋለሁ። ሁለት ሞንታርቦ ብቻ፣ እነሱም በበሩ በኩል፣ ወደ መጨፈሪያው የዞሩ። «ሰው ይቀየማል፣ አይደምቅም» አለኝ። ይቀየም አልኩት። ሲደርስ ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ እንጃ። ሰዉ ሞቅ ሲለው እኔም እጸና እንደሆነ እንጃ። ደክሞኛል፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ወደ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ከአሁኑ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። አንዱ የአክስቴ ነው። አንዱ ልጇን የምትታቀፍ እናት የምትቀመጥበት።