ማስተካከያ፦ የዲስክ ማጫወቻ ድምፅ ሁልጊዜ «ቢትስትሪም» ላይ አይደረግም

ቀደም ሲል ለባሕር ዳር አንባቢዎች በቀረበው ምክር፣ የዲቪዲም ሆነ የብሉሬይ ማጫወቻ ዲጂታል ድምፅ ሁልጊዜ «ቢትስትሪም» ላይ ይሁን ተብሎ ነበር። ይህ ለሁሉም ቤት አይሠራም።

ቢትስትሪም ላይ ሲሆን ማጫወቻው የታመቀውን ድምፅ ሳይፈታ ያስተላልፋል። የመፍታቱ ሥራ የተቀባዩ መሣሪያ (የአምፕሊፋየሩ ወይም የቲቪው) ነው። ስለዚህ ዶልቢና ዲቲኤስ የተባሉትን የታመቁ የድምፅ ዓይነቶች የሚፈታ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ምክሩ ልክ ነው። ማጫወቻው በኤችዲኤምአይ በቀጥታ ከቲቪ ጋር ከተገናኘ ግን «ፒሲኤም» (ማጫወቻው ራሱ ፈትቶ የሚልከው ድምፅ) ይምረጡ። ዲቲኤስ የማይፈቱ ቲቪዎች ብዙ ናቸው፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ ወፍ የለም። ጣና ዳር ባለ ካፌ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚወቀሰው ስፒከሩ ነው፣ ያለ ጥፋቱ!

«የኦፕቲካል ገመድ ሁሉንም ያሳልፋል» የተባለውም ይታረም። ይህ ድምፅን በብርሃን የሚወስድ ገመድ ፒሲኤምን በ2 ቻናል (ግራና ቀኝ) ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በዚህ ገመድ 5.1 ድምፅ (በአምስት ስፒከርና በአንድ ባስ የሚከብ) የሚፈልግ ቢትስትሪም ላይ ያድርገው። ዶልቢ ትሩኤችዲ የተባለው የብሉሬይ ድምፅ ግን በኦፕቲካል አያልፍም፤ ኤችዲኤምአይ ይፈልጋል።

በቀይና ነጭ ገመድ ብቻ የሚያዳምጡ በዚህ አይጨነቁ። «ዳውንሚክስ» (ብዙ ቻናልን ወደ ጥቂት የሚያጣምር) የሚል ምርጫ ካገኙ ስቴሪዮ ያድርጉት።