የጃንሆይ መታጠቢያ ቤት

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ልጎብኝ የሚል ሰው ሁሉ "ታሪክ ልይ" ብሎ ነው የሚወጣው። ውሸቱን ነው። የሚሄደው የጃንሆይን መታጠቢያ ቤት ለማየት ነው።

ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እሳቸው ብራዚል ሳሉ፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከታገቱት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ያን ያህል ደም በፈሰሰበት ቤት ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?

አስጎብኚው ይህን ሁሉ ሲተርክ ጎብኚው አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ውስጥ ያማትራል። የባህል ዕቃው በሩጫ ይታለፋል። መኝታ ቤቱ በር ላይ ግን ትራፊኩ ይቆማል።

እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ደላላ ነን። አንዱ ክፍሉን በዓይኑ ይለካል። "ስንት በስንት ይሆናል?" ሌላዋ አልጋውን ገምግማ "ለንጉሥ ትንሽ ጠበብ አላለም?" ትላለች። መታጠቢያ ቤቱ ጋ አንድ ጎልማሳ ገንዳውን ሲያይ ቆየና በሹክሹክታ፣ "ወንድሜ፣ ውሃው ይመጣ ነበር?" አለ። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው ነው፤ አልፈረድኩበትም። ዘውድ ጭነን አናውቅም፣ ጀሪካን ግን ተሸክመናል።

መስታወቱ ላይ ከዚያው ከ1953ቱ ግርግር የቀረ የጥይት ቀዳዳ አለ። ሰዉ "ውይ!" ይልና እግረ መንገዱን ፀጉሩን ያስተካክልበታል።

ውጭ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ያቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ተሠርቶለት ወደ ሰማይ ይወጣል። ፎቅ የለውም፣ በር የለውም። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ያው ጎልማሳ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ኮንዶሚኒየም ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኛል።

"ይሄ ደግሞ ምነው ሳያልቅ ቀረ? ኮንትራክተሩ ጠፍቶ ነው?"

አስጎብኚው ፈገግ እንኳ አላለም። "አዎ ጋሼ። በ1933 ጥሎ ሄደ።"