ሁለታችሁም አሸንፋችኋል

የእህቴ ልጅ ጁጂትሱ የሚሉትን የምንጣፍ ላይ ትግል መሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ቤቴ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ሳይደቅን የሄደበት እሑድ የለም። ሰሞኑን ያሳየኝ 20 ደቂቃ የፈጀ ግጥሚያ ነው። አንዱ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን በሌላው ወገብ ላይ ጠምጥሟል። ሌላው አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ክርኖቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ፣ የጠፋ የጆሮ ጌጥ እንደሚፈልግ ሰው ምንጣፉ ላይ አፍጥጧል። «አሁን ነው፣ አሁን ነው ጋሼ» እያለ ልጁ ትከሻዬን ይጨብጣል። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ምንም የለም። ደወሉ ተደወለ፤ ዳኛው መሐላቸው ገባና የሁለቱንም እጅ ወደ ላይ አነሣ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

«ማን አሸነፈ?»

«ማንም። አቻ ነው።»

«ታዲያ የሁለቱንም እጅ ምን አስነሣው?»

«ክብር ነዋ ጋሼ! ማንም እጅ አልሰጠም።»

ይቺ «ክብር ነዋ» ናት ደሜን ያፈላችው።

ለማያውቅ ልንገር። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ጣልከው፣ ላዩ ላይ ወጣህ፣ በጀርባው ዞርክ፣ የሚቆጥርልህ አይገኝም። የምታሸንፈው ባላጋራህ አንገቱ ታንቆ ወይም ክንዱ ወደማይታጠፍበት ተጠምዝዞ፣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እጅ ሲሰጥ ብቻ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነጥብ ባለበት ውድድር ሁለት ነጥብ ያገኘ ሰው የቀረውን ሰዓት ተጣብቆ ይጨርሰዋል፤ ነጥቡን ብናነሣ ሁሉም ለማሸነፍ ይጋደላል አሉ። ቅንነታቸውን አደንቃለሁ። ሰው የሚባለውን ፍጡር ግን አላዩትም። ማሸነፊያውን መንገድ አንድ አድርገህ፣ ላለመሸነፍ ግን 20 ደቂቃ ተሸሽጎ መቆየት ብቻ ከበቃ፣ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ አንድ የቀበሌ ስብሰባ መቀመጥ ይበቃቸው ነበር።

እንዳልኩትም ሆነ። ከታወቀው የብራዚል የትግል ቤተሰብ የተወለደው ራሌክ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜታሞሪስ የተባለ ውድድር ጀመረ። 20 ደቂቃ፣ ያለ ነጥብ። በመጀመሪያው ዝግጅት የስፖርቱ ሁለት ቁንጮዎች፣ ሮጀር ግሬሲ እና ቡሼሻ፣ ተገናኙና አቻ ተለያዩ። በዓመቱ ዳኞች ተጨመሩ። ያን ጊዜ ደግሞ ብሬንደን ሾብ የተባለው የዩኤፍሲ (ቡጢም ትግልም የተቀላቀለበት የአሜሪካ ውድድር) ተፋላሚ «ሳይቦርግ» ከሚሉት ከሮቤርቶ አብሬው ጋር ገጥሞ፣ ሰውየው በተጠጋው ቁጥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሰዓቱን ጨረሰው። ሕዝቡ ጮኸበት፤ ዳኞቹም ለአብሬው ፈረዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ዳኞቹ ቀሩና የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሮይለር ግሬሲ እና አሜሪካዊው ታጋይ ኤዲ ብራቮ ተጠሩ። ብራቮ ብራዚል ድረስ ሄዶ ሮይለርን አንቆ እጅ ካሰጠው 11 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀ የብድር መመለሻ ምን ሆነ? አቻ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ ልጁ፣ ትዕግሥት እንዳንሰኝ ሊነግረኝ።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። ከተረት ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው ያለቦታው ሲገባ የሚያመኝ። እንቁላል በእግሩ መሄዱ እውነት ነው። ግን 21 ቀን ይፈጃል፤ ለዚያውም ዶሮዋ ከላዩ ሳትነሣ። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቁላል ያው እንቁላል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ነገ ይመለሱ፣ ቀስ በቀስ ነው» የሚሉን ሰዎች ይህንኑ ተረት ይጠቅሱልናል። ዶሮዋን ከእንቁላሉ ላይ ያስነሧት ራሳቸው መሆናቸውን ግን አይነግሩንም። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፎ ቁልፉ አብሮ ስብሰባ ገብቷል። ባለጉዳዩ አልተሸነፈ፣ ጸሐፊዋ አልተሸነፈች። አቻ። የሁለታችሁም እጅ ይነሣ!

እጅ አለመስጠት ክብር ከሆነማ እኛን ማን ይችለናል? ሦስት ሆናችሁ ምሳ ብሉና አስተናጋጁ ሂሳቡን ይዞ ሲመጣ እዩ። አንዱ የአስተናጋጁን ክንድ ይይዛል። ሌላው የባላጋራውን ኪስ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል። ሦስተኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለቱ መሐል ይገባል። «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» «አባቴ ይሙት ዛሬማ አትከፍልም!» የሚሞተው ሰው ብዛት ከጥብሱ ዋጋ ይበልጣል። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ትግል አቻ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቱ ገንዘቡን ይፈልጋላ! አቻ ቢወጣማ በር ተቆልፎ ፖሊስ ይጠራ ነበር።

አንድ ወዳጄ አለ፤ ሂሳብ ሲመጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። ኪሱን ይዳብሳል፣ ይዳብሳል፣ ሌላው እስኪከፍል ይዳብሳል። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» የሚል አዲስ መከላከያ አግኝቷል፤ ስልኩን ወደ ጣሪያው እያነሣ ምልክት ይፈልጋል። ስንት ዘመን አብረን በላን፤ እሱም እስካሁን እጅ አልሰጠም። ክብር ነዋ።

ለልጁ የስቶክሆልምን ነገርኩት፤ አልሰማም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ኦሊምፒክ፣ በግሪኮ ሮማን ትግል፣ ማርቲን ክላይን እና አልፍሬድ አሲካይነን 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታገሉ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና መሄድ ማለት ነው፣ ተቃቅፈው። ክላይን አሸነፈ፤ ለወርቁ ለመግጠም ግን አቅም አልቀረውምና ወርቁን ስዊድናዊው ክሌስ ዮሐንሶን ወሰደው። በሌላ የክብደት ምድብ ደግሞ ስዊድናዊው አንደርሽ አልግሬን እና ፊንላንዳዊው ኢቫር በሊንግ ለፍጻሜ ቀርበው 9 ሰዓት ያህል ታገሉ። አልተሸናነፉም። ዳኞቹ አቻ ብለው አስቆሟቸው። ከዚያስ? ለሁለቱም ብር ሰጡ፤ ወርቁን ለማንም አልሰጡም። ዳኝነት ይሏል ይህ ነው! አቻ ማለት ሁለት አንደኛ ሳይሆን ሁለት ሁለተኛ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በእኔ ዘመን በሰፈሬ ቢገኙ ኖሮ...

አሁን የአሸንዳው ነገር ሊመጣ ነው። ልተወው ነበር፤ አልተወኝም።

የጎረቤቴ አሸንዳ ጫፉ ወደኔ ግቢ ዞሮ ነው የተተከለው። ክረምት በገባ ቁጥር የጣሪያው ውሃ በሙሉ በእኔ ኩሽና ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ግድግዳው አብጦ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሥቷል፤ ጤና አዳሜ የነበረበት ጥግ ኩሬ ሆኗል። ተናገርኩ፣ ተጨቃጨቅን፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች መጡ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፤ ዳቦ ቆሎው አለቀ። ጎረቤቴ ተናገረ፤ እኔ ተናገርኩ። ግድግዳውን ተነሥተው እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ትልቁ ሽማግሌ «ግድግዳ ለማየት አልመጣንም ልጄ፤ ሰው ለማስታረቅ ነው የመጣነው» አሉኝ። ቀጠሉና «አንተም ትንሽ አጥፍተሃል፣ እሱም ትንሽ አጥፍቷል። ተነሡ ተሳሳሙ» አሉ።

እኔ ምን አጠፋሁ? ውሃው በወረደበት በኩል ግድግዳ ማቆሜ ነው ጥፋቴ? ይህን ስጠይቅ «ነገር አታክርር» ተባልኩ። ተነሥተን ተሳሳምን። ዕርቀ ሰላም ወረደ፤ ውሃውም እንደ ወትሮው ወረደ። ጎረቤቴ ዛሬ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል። ምን አለበት፣ አላሸነፈ መስሏችሁ ነው? አሸንዳው ባለበት የሚቆይ ከሆነ አቻ ማለት ለባለ አሸንዳው ድል ነው። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው። ነገሩ ባለበት እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ማሸነፍ አያስፈልገውም፤ ደወሉ እስኪደወል ቢቆይ ይበቃዋል። ሽምግልና ላይ ቡና ቀጂው ሳይቀር ይህን ያውቃል። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። እያወቁ ነው «ሁለታችሁም» የሚሉት። ከባለ አሸንዳው ጋር ተጣልቶ ማን ይገላገላል?

ልጁ አሸንዳውን ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለምና ስልኩን መልሶ ከፈተ። «መፍትሔ አለው እኮ ጋሼ» አለኝ። ያው ኤዲ ብራቮ እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱን ውድድር ጀምሯል። 10 ደቂቃ ታግለው ካልተለያዩ ጭማሪ አለ። በጭማሪው አንዱ ከባላጋራው ጀርባ ተለጥፎ ይጀምራል፤ ካሻውም ክንድ ሊቆለፍ አንድ ሐሙስ በቀረው አያያዝ ይጀምራል። ሌላው ማምለጥ አለበት። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ፣ እስከ ሦስት ዙር። በዚህም ካልተለየ የሁለቱ የማምለጫ ሰዓት ተደምሮ፣ ፈጥኖ ያመለጠው ያሸንፋል።

ብልህ ነው፣ አልክድም። ብራቮ የአቻን መራራ የቀመሰ ሰው ስለሆነ ያወቀው ይመስለኛል። እንከን አለው፤ 10ሩን ደቂቃ አንገቱን ደብቆ ቆይቶ፣ ለጭማሪው ብቻ ሲለማመድ የከረመ ሰው ያሸንፍበታል። የታገለው ሌላ፣ ያሸነፈው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ቢሆንም ሰውየው ሕጉን ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል። ዳኞች ተቀምጠው «ይኼኛው የበለጠ አጥቅቷል» ብለው ይፍረዱ የሚሉም አሉ፤ እኔ ሦስት ሰው ተቀምጦ በስሜት ሲፈርድ አይቻለሁና ይለፈኝ።

አስቀድሞ የታወቀ ሕግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅስ እዚሁ ስታዲየም ድረስ መሄድ ይበቃል። ሜታሞሪስ በተጀመረበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2012፣ በዚያው በኦክቶበር፣ ሱዳን ሄደን 5 ለ 3 የተሸነፍነው ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማ እና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ደምሩት፤ 5 ለ 5። አቻ! ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው ከሜዳ ውጪ ያገባነው ሦስት ጎል ስለበለጠ ነው። ያን ማታ ከተማው ጡሩንባ በጡሩንባ ሲሆን «ክብር ነው፣ ሁለታችንም እጅ አልሰጠንም፣ ሱዳንም አብራ ትለፍ» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። የጎልን ዋጋ እንደ ሜዳው መለያየት እንግዳ ሕግ ነው፤ ግን ከነእንግዳነቱ ሁለታችንም ቀድመን እናውቀው ነበር። ጎረቤቴም አሸንዳውን ሲተክል እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር...

ተውኩት። ወደ ትግሉ ልመለስ፤ ልጁም ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ነው።

እኔ የምደግፈው የጃፓኑን የካዙሺ ሳኩራባን ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ቶኪዮ ዶም ውስጥ ከሮይስ ግሬሲ ጋር 90 ደቂቃ ተፋልሟል፤ ያ ፍልሚያ የቆመው ከሮይስ ወገን ፎጣ ሲወረወር ነው። ስለዚህ መቼም ትግል ረዘመብኝ ብሎ አይታማም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩዊንቴት የሚባል የቡድን ውድድር ጀመረ፤ አምስት ለአምስት። ያሸነፈ ቆይቶ ቀጣዩን ይገጥማል። አቻ ከወጡ ሁለቱም ወጥተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እጅ ማንሣት የለ፣ ክብር የለ፣ መሳሳም የለ።

«ግን ጋሼ» አለኝ ልጁ በር ላይ ቆሞ፣ «እዚያ እኮ አንድ ቀጭን ልጅ ግዙፉን ሰውዬ ይዞት ከወጣ ለቡድኑ ትልቅ ውለታ ነው። አቻውን ፈልጎት ነው የሚገባው።»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ቢያንስ ራሱም ይወጣል፤ ግዙፉን አስወጥቶ እሱ ባርኔጣውን እያነሣ ሜዳው ላይ አይቀርም። ይህ ይሻላል አልኩት። «ታዲያ በእናንተ ሽምግልና ሕጉ ይሄ ቢሆን ኖሮ እርስዎንም ጎረቤትዎንም ከግቢያችሁ ያስወጧችሁ ነበር» አለኝና ሳቀ። ይሁና! ውሃው ባዶ ግቢ ላይ ይውረድ።

ይህንኑ አቋሜን በዕድር ስብሰባ ላይ አሰማሁ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ጥፋተኛውን ካልለየ ሁለቱም ተከራካሪዎች እኩል መቀጮ ይክፈሉ፣ ሽማግሌዎቹም የጠጡትን ቡና ከኪሳቸው ይክፈሉ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራኝ የለም።