ማስተካከያ፦ የዊሊስና የፎርድ ጂፕ መለያ፣ የቸርኬ አፈታትም

ለትርዒትና ለኪራይ ስለሚታደሱ የ2ኛው የዓለም ጦርነት ጂፖች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የራዲያተር መሸፈኛ ፍርግርጉ ከአንድ ወጥ ላሜራ የተሠራ ከሆነ መኪናው ፎርድ ጂፒደብሊው (የፎርድ ኩባንያ የሠራው ጂፕ) ነው ተብሏል። ይህ አያስኬድም። የመጀመሪያዎቹ ዊሊስ ኤምቢዎች (የዊሊስ ኩባንያ የሠራቸው ጂፖች) በብየዳ የተያያዘ የብረት ዘንግ ፍርግርግ ነበራቸው፤ ከ1942 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዊሊስም የፎርድን ባለ ላሜራ ፍርግርግ መጠቀም ጀምሯል።

የሚያዋጣው ጎንበስ ብሎ ሻንሲውን ማየት ነው። ከራዲያተሩ ሥር ግራና ቀኙን የሚያያይዘው አግዳሚ ድቡልቡል ቱቦ ከሆነ ሻንሲው የዊሊስ ነው፤ የተደፋ ገንዳ ከመሰለ የፎርድ። ፎርድ ብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር «ኤፍ» ፊደል ያትም ነበር። አንድ ብሎን አይቶ መፍረድ ግን አይበቃም፤ ሠራዊቶች ራሳቸው በጥገና ወቅት የአንዱን አካል በሌላው ሻንሲ ላይ ይጭኑ ነበር። «ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» እያለ የሚያከራይ ቢያንስ ይህን ይመርምር።

ሁለተኛው እርማት የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስባል። ጽሑፉ ለሁለት የሚከፈለው ቸርኬ ዳዶዎቹ ከላሉ በኋላ ጎማው ይተንፈስ ይላል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አየር እንዳለ ሁለቱን ግማሾች የያዙት ዳዶዎች ከተፈቱ ብረቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ የቫልቩ ልብ ወጥቶ አየሩ ጨርሶ ይለቀቅ፣ ከዚያ መፍቻው ይነሳ።

የጂፖቹ ባትሪም 12 ሳይሆን 6 ቮልት ነው።