«ፕሮቲኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ መኖ አትግዙ

ሰንዳፋ አካባቢ አምስት የወተት ላሞች ያሉት ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን 18 በመቶ» የሚል የተቀነባበረ መኖ ገዝቷል፤ ዋጋውም ከሌላው ወደድ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት አበላ። ወተቱ ይጨምራል ሲል ጭራሽ ቀነሰ። «ዋሽተውኝ ነው?» አለኝ። ላይዋሹህ ይችላሉ አልኩት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም መኖው የማይረባ ሊሆን ይችላል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ላቦራቶሪ ፕሮቲንን በቀጥታ አያይም። የሚለካው ናይትሮጅን ነው። ዘዴውን ያወጣው ዮሃን ኬልዳል የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1883፣ ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ። መኖው በሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፣ የወጣው ናይትሮጅን ይለካል፣ ከዚያ በ6.25 ይባዛል። ፕሮቲን 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ግን ናይትሮጅን ያለው ፕሮቲን ብቻ አይደለም። ማሳ ላይ የምንበትነው ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በ6.25 ስታባዙት «ፕሮቲኑ» ወደ 290 በመቶ ይጠጋል! ስለዚህ 100 ኪሎ መኖ ውስጥ አንድ ኪሎ ዩሪያ ቢገባ ወረቀቱ ላይ ያለው ፕሮቲን 3 ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል። ዩሪያ ራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ በልክና በጥንቃቄ ከሆነ የላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ፕሮቲን ይለውጡታል። ግን ገዢው የማወቅ መብት አለው። ሲጨመቅ ከልክ በላይ የተቃጠለ ፋጉሎም እንደዚሁ ነው፤ ናይትሮጅኑ አለ፣ ግን ተቆላልፎ ላሟን አልፏት ከፋንድያ ጋር ይወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ አሰር ነው፤ ለመፈጨት የሚከብደው የተክሉ ክፍል ማለት ነው። ብዙ ቦታ አሁንም የሚጻፈው «ድፍድፍ አሰር» የሚባለው በ1860ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተጀመረ አሮጌ መለኪያ ነው። መኖውን በአሲድ፣ ቀጥሎ በአልካሊ ቀቅለህ የተረፈውን ትመዝናለህ። ሲቀቀል ግን ከሊግኒኑም (ግንድን ግንድ ከሚያደርገው ነገር) ብዙው ሟሙቶ ይሄዳል፣ ከዚያ በቀላሉ ከሚፈጩት ነገሮች ጋር ይቆጠራል። ጭድ ከእውነተኛው ማንነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል ማለት ነው። ይህን ያስተካከለው አሜሪካዊው ፒተር ቫን ሶስት ነው፣ በ1960ዎቹ። እሱ ያመጣው ኤንዲኤፍ የሚባለው መለኪያ ሊግኒኑን ጨምሮ አብዛኛውን የተክሉን ሴል ግድግዳ ይይዛል። የስንዴ ጭድ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ኤንዲኤፉ ከፍ ሲል ላሟ ጨጓራዋ ቶሎ ይሞላና መብላት ታቆማለች፣ ግን አልጠገበችም።

ከሁሉም በላይ እኔ የምወደው ግን መኖው በእርግጥ ይፈጫል ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ምርመራ ነው። ጎኑ ላይ በቀዶ ሕክምና ክዳን ያለው ቀዳዳ የተሠራለት በሬ አለ። ጠዋት፣ ገና መኖ ሳይቀርብለት፣ ከጨጓራው ፈሳሽ ይቀዳል። በፔርሙዝ ሙቀቱ ተጠብቆ፣ አየር እንዳይነካው እየተጣደፉ ያመጡታል፤ ተሕዋስያኑ ከሞቱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ፈሳሹ ከተፈጨ መኖና ምራቅ መሰል ውህድ ጋር በ39 ዲግሪ ይቀመጣል። ተመራማሪዎቹ ቲሊና ቴሪ በ1963 ባወጡት አሠራር 48 ሰዓት በዚህ፣ ሌላ 48 ሰዓት ደግሞ በአሲድና በፔፕሲን (ጨጓራ ውስጥ ፕሮቲን በሚፈጨው ኢንዛይም) ይቆይና የቀረው ይመዘናል። ጀርመኖቹ እነ መንከ በ1979 ያመጡት ደግሞ በመስታወት ሲሪንጅ ይሠራል፤ ተሕዋስያኑ መኖውን ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ፣ ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ አንተ በ24 ሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሄደ ታነባለህ። ታኒን (ፕሮቲንን አስሮ የሚይዝ የተክል ንጥረ ነገር) የበዛበት የዛፍ ቅጠል በኬልዳል ሲለካ ያማረ ነው። እዚህ ሲገባ ግን ፒስተኑ እምብዛም አይነቃነቅም።

ይህ ሁሉ ለገበሬ ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። በብርሃን ነጸብራቅ የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ አንዴ በትክክል ከተለማመደ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲኑንም፣ ኤንዲኤፉንም፣ የመፈጨት አቅሙንም ይገምታል። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ሲሠራበት ዓመታት ሆኖታል። መሣሪያው የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው፤ የኛን የጤፍ ጭድና የኑግ ፋጉሎ በደንብ ካላሳዩት ይሳሳታል። ለነጠላ ገበሬ ወጪው ይከብዳል። የወተት ማኅበራት ግን ተባብረው ናሙና ቢልኩ ለአንድ አባል የሚደርሰው ትንሽ ነው። አቀነባባሪዎችም ኤንዲኤፍና የመፈጨት አቅም ከረጢቱ ላይ እንዲጽፉ መገደድ አለባቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄ ጋ ሄጄ ነበር። አንድ ጭብጥ ከላይ ዘግኖ ሊሰጠኝ ሲል ከለከልኩት። ከስምንት ከረጢት፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ወስደን፣ ሸራ ላይ ደባልቀን አንድ ኪሎ አወጣን። አሁን ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሲመጣ ፕሮቲኑን መጨረሻ ላይ ነው የማየው።