«ይቅርታ» ወይስ «ይቅርብኝ»

ዛሬ ላመሰግነው የተነሣሁት ሰው አለ። ቪዲዮ ኮል በተደወለ ቁጥር ጣቱን ከስልኩ አናት ወደ ታች ሳብ አድርጎ ያቺን ክብ የስክሪን መቅጃ ምልክት የሚነካትን ሰው። ቀጂውን። እስካሁን ሐውልት ያልቆመለት አደባባይ ስለጠፋ ብቻ ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያሉ ሲያስጨንቁን ኖሩ። ቀጂው ከዚህ ሁሉ ገላገለን። ዛሬ የተናገሩትም አይጠፋም፣ የወለዱትም አይጠፋም። ሁለቱም ጋለሪ ውስጥ ተደርድረዋል። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መፈለግ ቀረ፤ ቦታ ያለው ስልክ ይበቃል። ስልኩ ከሞላ ደግሞ የልጅቷን የክርስትና ቪዲዮ ማጥፋት ነው። እሷ እንደሆነች ክርስትና ተነሥታለች፣ ማን ይክዳታል?

ቀጂ ሥራ ላይ ሲሆን ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ዓይኑ ከፊታችሁ ይነሣና ወደ ስክሪኑ ጥግ ይሄዳል። «ውይ፣ ይሄ ኔትወርክ!» ይላል። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። የያዘው አይፎን ከሆነ መቅጃው ከመጀመሩ በፊት 3፣ 2፣ 1 ብሎ ይቆጥራል። ያቺን ሦስት ሰከንድ ትንፋሹን ውጦ ያሳልፋታል። ከዚያ አንደበቱ ይለወጣል። እስከ አሁን «በናትህ እንዳትቀልድ» ሲል የነበረው ልጅ ድንገት የፍርድ ቤት ሰው ይሆናል። «እንግዲህ ባለፈው ስለ ቤቱ ጉዳይ የገለጹልንን እስቲ በድጋሚ ቢያብራሩልን?» እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስሰማ ፀጉሬን አስተካክላለሁ።

ይህ ጥበብ ለሕዝብ የወረደው በቅርቡ ነው። አይፎን መቅጃውን ስልኩ ውስጥ የከተተው በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ አንድሮይድ በ2020 ተከተለ። ከዚያ በፊት ቀጂ ለመሆን አፕ ማውረድ፣ ማስታወቂያ መዝጋት፣ ትንሽም ቢሆን ማሰብ ያስፈልግ ነበር። አሁን የሰው ቃል መልቀም የስልክን ባትሪ ከማብራት እኩል ቀሏል። ሁለቱም ምልክቶች አንድ ሰፈር ናቸው። ቀጂ ሊሆን የተነሣ ስንት ሰው በስህተት ባትሪውን አብርቶ ግድግዳ ሲያበራ አይቻለሁ።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ።

አያታችን ትተውት ያለፉት ቤት አለ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አጎታችን ከወራሾቹ አንዱ ናቸው፤ የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ቡሄ ሰሞን ሽማግሌ ተቀምጦ በቪዲዮ ተደወለላቸው። ሰባት ሰው ለአምስት በተሠራ ሶፋ ላይ ተጣበቅን። ስልኩን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው፤ የቤታችን ዋና ቀጂ። 47 ደቂቃ ተነጋገርን። ጋሼ ተቆጡ፣ አለቀሱ፣ አያታችንን አነሡ። በመጨረሻ ቃላቸውን ሰጡ።

ምን እንዳሉ ግን የሰማ የለም። እትዬ የቡናውን ፍም ታስተካክል ነበር። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ቆሎ ዘግኜ ነበር። ምን አስጨነቀን፣ እየተቀዳ አይደል እንዴ?

ማታ ፋይሉ ተከፈተ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። የጋሼ ሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ድምፅ የለም። ቮልዩም ተጨመረ፤ የለም። ኢርፎን ተሰካ፤ የለም። ሌላ ስልክ ላይ ተላከ፤ እዚያም የለም። ሰሙን ይዞ ወርቁን እዚያው ሜሪላንድ ጥሎት መጥቷል።

ግን ባዶ እጁን አልመጣም፣ አንዋሸው። ባትሪው 23 ፐርሰንት እንደነበር ተቀድቷል። በ12ኛው ደቂቃ ላይ «ደረስክ ውዴ?» የሚል ቴክስት ገብቷል። የእህቴ ልጅ ውዴ የምትለው ሰው እንዳለች ቤተሰቡ ያወቀው ያኔ ነው። ስለ ቤቱ ለመወያየት የተሰበሰበው ጉባኤ ግማሽ ሰዓት ስለ ውዴ ተወያየ።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ሁላችንም የምናስታውሳት አንዲት «ይቅር» የምትል ነገር አለች። ጣጣው መጨረሻዋ ላይ ነው። ጋሼ «ይቅርታ» ካሉ ድርሻቸውን አልለቀቁም ማለት ነው። «ይቅርብኝ» ካሉ ለቀዋል። እትዬ መስታወት ፊት ቆማ ሁለቱንም ስትል አመሸች። «ብ» ላይ ከንፈር ይገጥማል፣ «ታ» ላይ ይከፈታል፤ በሷ ምርመራ ነው የደረስንበት። ስለዚህ 41ኛው ደቂቃ ላይ ሄዶ ከንፈራቸውን ማየት ብቻ ቀረ።

ጋሼ ስልክ ሲይዙ ዝቅ አድርገው ነው። ከአፍንጫቸው በላይ ያለው ከስክሪኑ ውጪ ነው፤ አፋቸው ልክ ጠርዙ ላይ ይውላል። እና በዚያች ቅጽበት፣ «ይቅር» ብለው ሊጨርሱ ሲሉ፣ ከላይ የባንክ መልእክት ዱብ አለ። «ውድ ደንበኛችን፣ ከሂሳብዎ 150 ብር ወጪ ሆኗል።» በቀጥታ አፋቸው ላይ። መልእክቱ ሲነሣ ጋሼ ውኃ እየጠጡ ነው።

ስልኩ እንዳይመስላችሁ የተበላሸው። በጥሪ ሰዓት ማይኩን ለጥሪው ሰጥቶታል፤ ለመቅጃው አይደግምም። ከወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ደግሞ አብዛኛው ስልክ አሳልፎ አይሰጥም። አንድሮይድ ከ2019 ወዲህ ለቀጂ አፖች ዘፈኑንም የጌሙንም ጩኸት ውሰዱ ይላል፤ የሰው ጥሪ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል። እሺ የሚል ስልክ አይጠፋም፤ ብዙው ግን እምቢ ባይ ነው። ብቻ ስልኩ እምቢታውን አይናገርም። ቀዩን ምልክት እያበራ፣ ደቂቃውን እየቆጠረ፣ ከእናንተ ጋር አብሮ ያመሻል። ዕቃ በወግ ሲያድግ እንዲህ ነው። እኛ ካሳደግነው ልጅ የሱ ጨዋነት ይበልጣል።

ደግሞ ከወንጀልም አድኖናል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በሜሪላንድ ሕግ የግል ንግግርን ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው፤ እዚያ የአንዱ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃል፣ ያ አንዱ ራሱ ቀጂው ቢሆንም። የኛም ሕገ መንግሥት በኛው አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ አንቀጽ 26 ላይ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ብሎ አስቀምጧል። እኛ ቤት ግን ይሄ ሁሉ ስጋት የለም። የቀዳነው ዝምታ ነው። ዝምታ በመቅዳት የተከሰሰ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ሳያፍሩ አሳውቀው የሚቀዱም አሉ። ዙም መቅዳት ሲጀምር ለስብሰባው ሁሉ ያወራል። አይፎንም ከ2024 ወዲህ የስልክ ጥሪ እቀዳለሁ ይላል፣ ግን «እየተቀዳ ነው» ብሎ ለሁለቱም ወገን ያስነግራል። ይሄ ለእውነተኛ ቀጂ ስድብ ነው። ማስፈቀድ ቢፈልግማ ድሮውንስ «ልቅዳ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር? የካሴቱ ዘመን ትዝ ይለኛል። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ድምፅ ሲላክ ቤተሰቡ በሙሉ ቴፑን ይከባል። «ዞረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጉሮሮ ይጠረጋል። ሁሉም ተራ በተራ ስሙን ጠርቶ ሰላምታ ያቀርባል። ኋላቀርነት ይሉታል ይሄ ነው፤ የሚቀዳው ሰው እንደሚቀዳ ያውቅ ነበር!

በአንዷ ብቻ አላሾፍም። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ ጎረቤታችን ነች። እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ በቦቲም ነው የምትደውለው። የእናቷን ምርቃት ማታ ማታ ልትሰማው ብላ ቀዳችው። እሷም ጋ ድምፅ የለም። ምርቃቱን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ስለምታውቀው የእናቷ አፍ ሲንቀሳቀስ እሷ በራሷ ድምፅ ትሞላዋለች። «አሜን»ም ራሷ ናት የምትለው።

እኛ ግን ተስፋ አልቆረጥንም። ጋሼ ድጋሚ እንዲደወልላቸው ተወሰነ። በዚህኛው ዙር የእህቴ ልጅ ብልሃት አመጣ። ጥሪው ስፒከር ላይ ይሆናል፣ ሌላ ስልክ ደግሞ ረከቦቱ ላይ ተደግፎ የመጀመሪያውን ይቀርፃል። ተደወለ፣ ተቀረፀ፣ 52 ደቂቃ። ድምፁ ይህን ያህል ይጠራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የእትዬ ሙቀጫ ነው። ቡናው ሲወቀጥ እያንዳንዷ ምት ለብቻዋ ትሰማለች። ከኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው የሚናገር ይመስላል።

በማግሥቱ እትዬ ትዕግሥቷ አለቀ። ያለ ቪዲዮ፣ ያለ ስፒከር፣ በተራ ስልክ ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ስለ ድርሻዎ ሲጠየቁ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያሉት?»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እኔ እንጃ እትዬ፤ ምን አስታውሳለሁ» አሏት። «እናንተ ቀድታችሁት የለም እንዴ?»