ማስተካከያ፦ «ስታርቭ» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ

ስለ እንግሊዝኛ ግሶች ታሪክ ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ «ስታርቭ» የሚለው ግስ ከጥንት ጀምሮ «በረሃብ ሞተ» ማለት እንደነበር ተገልጿል፤ ይህ ትክክል አይደለም። በመካከለኛው ዘመን «ስቴርቨን» ይባል የነበረው ይህ ግስ ፍቺው «ሞተ» ብቻ ነበር፤ የሞቱ ምክንያት ሰይፍም ሆነ በሽታ፣ ብርድም ሆነ ረሃብ፣ ግሱ አይለወጥም። የጀርመንኛው ዘመዱ «ሽቴርበን» ይህንኑ ሰፊ ፍቺ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል።

ከሁሉም የሚያሳምነው ማስረጃ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የቾሰር «ትሮይለስና ክሪሴይድ» ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1380ዎቹ በተጻፈው በዚህ ረጅም ግጥም ማብቂያ ላይ፣ ክርስቶስ ነፍሳችንን ሊቤዥ በመስቀል ላይ መሞቱና መነሣቱ ሲነገር፣ ለሞቱ የገባው ቃል «ስታርፍ»፣ ማለትም የዚያው ግስ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነው። በዛሬው ፍቺ ብናነበው በስቅለቱ ላይ ረሃብን ልንጨምር ነው፤ ገጣሚው ግን ይህን ከቶ አላሰበም።

«ዳይ» የተባለው ግስ አጠቃላዩን የሞት ትርጉም እየያዘ ሲሄድ «ስታርቭ» ጠበበ፤ የረሃቡ ፍቺ የጎላው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ሲሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ ቀበልኛ ግን ግሱ በብርድ መጎዳትንም ያመለክታል። ስለዚህ በቀደመው ጽሑፍ «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ሐረግ «ከመካከለኛው ዘመን በኋላ» ተብሎ ይነበብ።